ቀይዋ መስመር የማትናገረው

ትኩሳት የያዘው ልጇን ያዘለች እናት ጤና ኬላው ደጃፍ ስትደርስ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከካርቶን የምታወጣው ነገር ከጣት ብዙም የማይረዝም ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ኪት። ማሸጊያውን ከመቅደዷ በፊት የአገልግሎት ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ታያለች። የልጁን ጣት በአልኮል ትጠርጋለች፣ በላንሴት ትወጋለች፣ ከአንዲት ጠብታ ያነሰ 5 ማይክሮ ሊትር ደም ወስዳ በአንደኛው ቀዳዳ ታኖራለች፤ ባፈር የተባለውን ፈሳሽ ደግሞ ጠብታውን ቆጥራ በሌላኛው ታንጠባጥባለች። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ እንደ አምራቹ መመሪያ 15 ወይም 20 ደቂቃ። «ሲስተር፣ ወባ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ደቂቃው ሳይሞላ ይመጣል። ውጭ ደግሞ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። ቶሎ ካነበበችው ገና ያልጎላችው ደብዛዛ መስመር ታመልጣታለች፤ ከተፈቀደው ጊዜ አሳልፋ ካነበበችው ደግሞ የሌለ በሽታ ሊታይ ይችላል።

በሃና ዙሪያ እንዲህ ያለው ምርመራ የዘወትር ሥራ ነው። ሃና በደቡብ ኦሞ የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጂንካ ተነስቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል የሚያልፈው መንገድ ያደርሳል። በወረዳው ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ዲሜና ባጫ የተባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ከኮንሶ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች አሉ፤ የኩራዝ ስኳር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ለወባ እንግዳ የሆነ ሰውነት ይዘው ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ተጨምረዋል። ወባ ሁሉንም ይነካል፤ እኩል ግን አይጎዳም። በቆላው የተወለደ አዋቂ ሰው በደሙ ተውሳክ ይዞ ከብቱን ሲጠብቅ ሊውል ይችላል፤ ከደጋ የመጣው ወጣት በዚያው መጠን በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ለእሱ «ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል በስህተት ከተነገረው የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው።

በፕላስቲኩ ላይ «ሲ» ከሚለው ምልክት ትይዩ የምትወጣው ቀይ መስመር የመቆጣጠሪያ መስመር ትባላለች። እሷ ካልወጣች ምርመራው ዋጋ የለውም፤ ኪቱ ተጥሎ በሌላ ይደገማል። ይህን ሁሉም ሠልጣኝ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው መስመሯ የማትናገረው ነገር ነው። በአብዛኞቹ የወባ ኪቶች መስመሯ የምትመሰክረው ፈሳሹ ወረቀቱን አቋርጦ መሄዱን ብቻ ነው። ደሙ በቂ ይሁን አይሁን አትናገርም፤ እንዲያውም ደም ሳይጨመር ባፈር ብቻ ቢንጠባጠብም ትወጣለች። ኪቱ በመንገድ ላይ በሙቀት ተጎድቶ የተውሳኩን ፕሮቲን የሚይዘው ክፍል ቢዳከምም እሷ ደምቃ ልትታይ ትችላለች። በዚህ ምክንያት «መስመሯ ወጥታለች፣ እንግዲህ ውጤቱ ትክክል ነው» የሚለው ድምዳሜ የላቦራቶሪ ሰዎችን ያስጨንቃቸዋል፤ መጨነቃቸውም ልክ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በገጠር ወባን በደም ማረጋገጥ ማለት ማይክሮስኮፕ ማለት ነበር። ማይክሮስኮፕ መብራት ይፈልጋል፣ የጊምሳ ቀለም ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። በጤና ኬላ ያለችው ሠራተኛ በትኩሳትና በብርድ ብርድ ማለት ገምታ መድኃኒት ከመስጠት በቀር ምርጫ አልነበራትም። ፈጣን መመርመሪያ ኪቱ ይህን ለወጠው። የለውጡን ትልቅነት ማሳነስ አልፈልግም፤ ኪቱ የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ማይክሮስኮፑ ብቻውን አልነበረም። ስላይዱ ይቀመጣል፤ ከተቀመጡት መካከል ጥቂቱ ተመርጦ በሌላ ባለሙያ ዳግም ይታያል፤ የመጀመሪያው አንባቢ ከተሳሳተ ይነገረዋል። ኪቱ ሲነበብ ይጣላል። ላቦራቶሪው ወደ ሕመምተኛው ደጃፍ ሲመጣ ጥራት ጠባቂው አብሮት አልመጣም።

ኪቱ ሃና ከመድረሱ በፊት ያለፈባቸውን በሮች ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ በሮች ጠንካሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሩ ፋይንድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የወባ ኪቶችን በዙር እየፈተነ ውጤታቸውን ለዓለም ሲያሳውቅ ነበር። መስፈርቱ ግልጽ ነበር፦ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 200 ተውሳክ ብቻ ሲኖር ቢያንስ 75 ከመቶ የሚሆነውን ማግኘት፣ ተውሳክ በሌለበት ደም ደግሞ በሐሰት «አለ» የሚልበት መጠን ከ10 ከመቶ በታች መሆን። ወደ አገር ሲገባ ምርቱን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑን የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን ይጨምራል፣ ከሰውነት የተወሰደ ናሙና የሚመረመርባቸው ኪቶችም በዚያው ሥር ይታያሉ። ከዚያ የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ተረክቦ በቅርንጫፎቹ ያከፋፍላል።

ከዚያ በኋላ በሮቹ ይሳሳሉ። የብዙ ኪቶች ማሸጊያ ከ30 ዲግሪ፣ የተሻሉት ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ አታስቀምጡ ይላል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ በበጋ ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ ያውም በጥላ ሥር ነው። ካርቶኑ በመኪና ተጭኖ ፀሐይ ላይ የቆመበት ሰዓት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመበት ወር፣ በሞተር ብስክሌት ኋላ ታስሮ የሄደበት አቧራማ መንገድ፣ ይህ ሁሉ በማሸጊያው ላይ አይጻፍም። የአገልግሎት ጊዜው ማብቂያ የተጻፈውም ኪቱ በታዘዘው ሙቀት ሲቀመጥ ለሚኖረው ዕድሜ ነው። አንድ ተራ ቴርሞሜትር በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በቀን ሁለት ጊዜ ቢነበብና ቢመዘገብ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

የሙቀቱ ጉዳይ ሲያዩት በቀላሉ የሚገባ ነው። ኪቱ ፍጹም ሆኖ፣ ሠራተኛዋም ፍጹም ሆና፣ ውጤቱ ግን ስህተት የሚሆንበት ሌላ መንገድ አለ፤ በኢትዮጵያም ተከስቷል። አብዛኞቹ ኪቶች አደገኛውን የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረምን፣ የሚለዩት ተውሳኩ በሚያመነጨው ኤችአርፒ-2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ምልክቱ ጎልቶ ይታያል። እንከንም አለበት፤ ተውሳኩ በመድኃኒት ከሞተ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ የዳነውን ሰው ታማሚ ሊያስመስለው ይችላል። የበለጠው አደጋ ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፔሩ የአማዞን አካባቢ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ጨርሶ የጠፋባቸው ተውሳኮች መኖራቸው ታወቀ። በኪቱ ዓይን እነዚህ ተውሳኮች የሉም። ሰውየው በወባ እየነደደ ኪቱ ነጻ ነህ ይለዋል።

ነገሩ በኤርትራ ሆስፒታሎች ሲታይ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪቷን ለመቀየር ተገደደች። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ፣ በኤርትራ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበሮች አቅራቢያ 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አካሄዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ወጣ። ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 ከመቶ የሚሆኑት በዘረመል መጥፋት ምክንያት በኤችአርፒ-2 ኪት ሊገኙ አልቻሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ይቀየር የሚልበት ወሰን 5 ከመቶ ነው። የተመራማሪዎቹ ግኝት ሌላም አሳሳቢ ነገር ነበረው፤ ዘረመሉ የጠፋበት ተውሳክ በቅርብ ጊዜ እየበዛ እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት አገኙ። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ኪቱ ያገኘው ይታከማል፣ ተውሳኩም ይሞታል፤ ኪቱ ያላገኘው ሳይታከም ይቀራል፣ ትንኟም ከእሱ ወስዳ ለሌላው ታደርሳለች። ዓመት በዓመት ሲደጋገም መመርመሪያው ራሱ የማይታየውን ተውሳክ መርጦ ያራባል።

ደቡብ ኦሞ በዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም። ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚዋሰን፣ አርብቶ አደሩ ውሃና ግጦሽ ተከትሎ የሚንቀሳቀስበት ምድር ነው፤ ተውሳክም ከሰውና ከትንኝ ጋር ይጓዛል። ለሃናዋ ሠራተኛ የዚህ ሁሉ ትርጉም ቀላልና ከባድ ነው፤ ኪቱ «የለም» ብሎ ልጁ ግን እየነደደ ከሆነ ጥርጣሬዋን የምታደርስበት ቦታ ያስፈልጋታል። ስላይድ ሠርታ የምትልክለት ላቦራቶሪ፣ የምትደውልለት ባለሙያ፣ ልጁን የሚያደርስ መኪና። ጥራትን ማረጋገጥ ስል ከሁሉ በፊት የምለው ይህንን ነው። ብቻዋን በተቀመጠች ሠራተኛ ፊት ያለ ውጤት፣ የሚጠራጠርበት መንገድ ከሌለ፣ ፍርድ ይሆናል።

ፋልሲፓረምን ብቻ ማሰብም አይበቃም። በኢትዮጵያ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነትም በብዛት አለ፤ ለሁለቱ የሚሰጠው ሕክምና ይለያያል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚመለስ ከሥሩ ለማጥፋት ፕሪማኩን ያስፈልገዋል። ኪቱ ላይ የትኛዋ መስመር የትኛውን እንደምታመለክት ከአምራች አምራች ይለያያል። አዲስ ኪት ሲመጣ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል፣ የባፈሩ ጠብታ ቁጥር፣ የሚጠበቀው ደቂቃ ሊቀየር ይችላል፤ መመሪያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የታተመ ቀጭን ወረቀት ነው። ግዥ የሚፈጽመው ክፍል ርካሹን በመረጠ ቁጥር ጤና ኬላው እንደገና መማር አለበት።

በከተሞች የባሰ የማየው ነገር አለ፤ ታይፎይድ። በአገራችን ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መውጣቱ የተለመደ ሆኗል። ውጤቱ የሚመጣው በአብዛኛው በዊዳል ምርመራ ነው፤ በስላይድ ላይ ሴረምና ሪኤጀንት ተቀላቅሎ መርጋቱ ይታያል። ምርመራው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ የሚያገኘው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ የቆየ ኢንፌክሽንም ሌላ ዘመድ ባክቴሪያም ሊያስመስሉት ይችላሉ። በመቀሌ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ላይ ትኩሳት ከነበራቸው ታካሚዎች ሲሶ ያህሉ በዊዳል ፖዚቲቭ ሲሆኑ፣ በደም ካልቸር ባክቴሪያው የተገኘባቸው ከመቶ አምስት አልሞሉም። ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ ላልነበረባቸው በሽታ አንቲባዮቲክ ሊሰጣቸው ይችላል ማለት ነው፤ የነበረባቸው በሽታ ደግሞ ስም ሳያገኝ ይቀራል። ለዚህ ስህተት ታካሚው ራሱ ገንዘብ ይከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለሳንባ ነቀርሳ የሚሸጡ የደም ፈጣን ምርመራዎችን አትጠቀሙ ብሎ በይፋ ተናግሯል። ስለ ዊዳልም በአገር ደረጃ የዚያን ያህል ጥርት ያለ ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ።

በኤችአይቪ በኩል የተሻለ ሥርዓት አለን፤ ምክንያቱን ማወቅም ያስተምራል። ስሌቱን እንውሰድ። ከ1,000 ሰው 10 ሰው ቫይረሱ ይኖርበታል እንበል። ምርመራው ቫይረሱ ከሌለባቸው መካከል 99 ከመቶውን በትክክል ነጻ የሚል ቢሆን እንኳ፣ ከ990ው ውስጥ 10 የሚሆኑ ጤነኞች ፖዚቲቭ ይባላሉ። ፖዚቲቭ ከተባሉት ግማሹ ቫይረሱ የለባቸውም ማለት ነው። የአገራችን ስርጭት ከመቶ 1 ገደማ ወይም በታች በመሆኑ ይህ ስጋት የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በአንድ ኪት ብቻ የማይፈረደው ለዚህ ነው። ለዓመታት ኬኤችቢ፣ ስታት ፓክና ዩኒጎልድ በቅደም ተከተል ሲሠራባቸው ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አንድን ሰው ፖዚቲቭ ለማለት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች መስማማት አለባቸው የሚለውን ምክር ለሁሉም አገሮች አደረገ። ሰው በሐሰት ቫይረሱ አለብህ ሲባል ትዳር ይፈርሳል፣ ኑሮ ይናጋል። ያንን ስለተረዳን ነው ጥንቃቄው የመጣው። በወባና በታይፎይድ የሚደርሰው ጉዳት ድምፅ ስለሌለው ብቻ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።

ታዲያ በሃና ጤና ኬላ ለሚሠራ ምርመራ ተጠያቂው ማን ነው? ምርቱን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያያል። ተቋሙን የክልሉ ጤና ቁጥጥር ያያል። የውጭ የጥራት ምዘናውን፣ ማለትም ውጤቱ በምስጢር የተያዘ ናሙና ለላቦራቶሪዎች ልኮ ማን በትክክል አነበበ የሚለውን፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመራል፤ ናሙና በማጓጓዝ የፖስታ አገልግሎትም ሲያግዝ ቆይቷል። ዓለም አቀፉን አይኤስኦ 15189 ደረጃ ላሟላ ላቦራቶሪ ዕውቅና የሚሰጥ የአክሪዲቴሽን ተቋምም አለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ላቦራቶሪዎች የወጣው የማፑቶ መግለጫ፣ በ2009 በኪጋሊ የተጀመረው ላቦራቶሪዎችን በኮከብ የሚመዝነው የአፍሪካ መርሐ ግብር፣ በ2011 የተመሠረተውና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ብዙ ለውጥ አምጥተዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሲታሰቡ በአእምሯቸው የነበረው ግድግዳ፣ ጠረጴዛና ኃላፊ ያለው ላቦራቶሪ ነው። አንድ ካርቶን ኪትና አንድ መዝገብ ያላት ጤና ኬላ በመካከላቸው ትወድቃለች።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው የላቦራቶሪ ሕግ ቀላል የተባሉ ምርመራዎችን ከመደበኛ ፍተሻ ነጻ አደረገች። በኋላ እነዚህን ቦታዎች ሄደው ያዩ ተቆጣጣሪዎች የአምራቹን መመሪያ የማይከተሉ፣ የቁጥጥር ናሙና (ኮንትሮል) የማይሠሩ፣ ጨርሶ መመሪያው የሌላቸውም አገኙ። ቀላል የተባለው ለኪቱ አሠራር እንጂ ለሰዎቹ ኃላፊነት አልነበረም። አይኤስኦ እ.ኤ.አ. በ2022 ደረጃውን ሲያሻሽል በሕመምተኛው አጠገብ ለሚሠሩ ምርመራዎች የነበረውን የተለየ ሰነድ አስቀርቶ ከዋናው ጋር አዋሃደው። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል። ከላቦራቶሪው ውጭ የሚሠራው ምርመራም የላቦራቶሪው ኃላፊነት ነው ማለት ነው። ወደ እኛ ስናመጣው፣ የሃና ዙሪያ ጤና ኬላዎች እያንዳንዳቸው በስም የታወቀ ላቦራቶሪ፣ በጂንካም ይሁን በቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ሊኖራቸው ይገባል፤ ያም ላቦራቶሪ ስለ እነሱ ውጤት የሚጠየቅ መሆን አለበት።

ደቡብ ኦሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዞኑ ቢጫ ወባ ሲከሰት የመጀመሪያው ታማሚ በጃንዋሪ ታሞ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው በሜይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳላማጎን ጨምሮ በስድስት ወረዳዎች የጅምላ ክትባት የታወጀው። በታችኛው ኦሞ የቆየ ካላዛርም አለ፤ እሱን የሚለየው አርኬ-39 የተባለው ፈጣን ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ ከሕንድ ያነሰ የማግኘት አቅም እንዳለው የታወቀ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ማርበርግ ሲጀምር ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ድካም ነው፤ ለሚያየው ሰው ወባ ይመስላል። የሚረጋገጠው በፒሲአር ነው። የወባ ኪት በእንዲህ ያለ ቀን ሥራው ይለወጣል። በትክክል «የለም» ካለ፣ ያ ሰው ሌላ ነገር ይዞታል፣ ጓንት ይደረግ፣ ናሙና ይሂድ የሚል ደወል ነው። ኪቱን ማንም የማያምነው ከሆነ፣ ወይም ኔጌቲቭ የሆነውንም ሁሉ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ልማድ ከሆነ፣ ደወሉ አይሰማም። እንዲህ ባለው ቀን ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዷ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታማሚውን ጣት ወግታ ደም የወሰደችው ሠራተኛ ናት።

መፍትሔዎቹ አዲስ ፈጠራ የሚጠይቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ለኤችአይቪ ምዘና ጥቂት ሴረም ከአረንጓዴ ቀለም ጋር በትንሽ ቱቦ ውስጥ አድርቀው የሚልኩበትን ዘዴ አሳተሙ። ፍሪጅ ሳይፈልግ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሲደርስ በባፈር ሟሙቶ እንደ ታካሚ ናሙና ይመረመራል። እንዲህ ያለው ነገር በሞተር ብስክሌት ሃና መድረስ ይችላል። የሚያሳስበኝ መመለሻው ነው። ምዘናው ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ተጽፎ ወደ ላይ ከሄደ በኋላ ለሠራተኛዋ «እዚህ ላይ ተሳስተሻል፣ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል ቃል ሳይመለስ ቀጣዩ ቱቦ ከመጣ፣ የተገኘው ቁጥር ለሪፖርት እንጂ ለልጁ አልጠቀመም።

ከሁሉም ርካሹና ነገ ሊጀመር የሚችለው በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ነው። በእያንዳንዱ ውጤት ጎን የኪቱ የምርት ዙር (ሎት) ቁጥር ይጻፍ። አንድ ሎት በሙቀት ወይም በአሠራር ጉድለት ተበላሽቶ ሲገኝ ባለሥልጣኑ ምርቱ ይሰብሰብ ይላል፤ ካርቶኑ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ቁጥሩ ከተጻፈ ሠራተኛዋ መዝገቡን ከፍታ በዚያ ኪት ነጻ ተብለው የተመለሱትን ሕፃናት በስማቸውና በሰፈራቸው አውቃ ትጠራቸዋለች። ካልተጻፈ ዳግም መመርመር ያለበት የማን ልጅ እንደሆነ በወረዳውም፣ በክልሉም፣ በአዲስ አበባም የሚያውቅ አይኖርም።